የሰልፉን መልክ ማን ይምረጥ?

ከጥቅምት እስከ ጥር በሚዘልቀው የለቀማ ወቅት፣ በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ በሬኮ አካባቢ ያሉ የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ቀን ጭር ብለው ይውሉና አመሻሽ ላይ በሰው ይሞላሉ። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት ካልተፈለፈለ ጣዕሙ ይበላሻል፤ ስለዚህ ከጠዋት ጀምሮ በየጓሮው ሲለቅም የዋለው ሁሉ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ በር፣ ወደ ሚዛኑ ይመጣል። ጆንያ የተሸከመ ጎልማሳ አለ፤ ልጅ አዝላ ቅርጫት የያዘች እናት አለች፤ አህያ የሚነዳ ታዳጊ፣ በዘንቢል ጥቂት ኪሎ ያመጡ አዛውንት አሉ። ደመናው ሲጠቁር ሰልፉ ይላላና መጋፋቱ ይጀመራል።

ይህን ሰልፍ ለማስተካከል ዘዴ አይጠፋም። ገመድ ይወጠራል፣ የወረፋ ቁጥር ይታደላል፣ ሁለተኛ በር ይከፈታል። ከባዱ "ጥሩ ሰልፍ" የትኛው እንደሆነ መስማማት ነው። ቶሎ የሚያልቀው ነው? ማንም የማይገፋበት ነው? ቀድሞ የመጣ ቀድሞ የሚመዝንበት ነው ወይስ ነፍሰ ጡርና ሽማግሌ የሚቀድሙበት? አንዱን ለማሟላት ሲባል ሌላው ይጎድላል፤ የትኛው ይጉደል የሚለውን ደግሞ ሒሳብ ብቻውን አይመልሰውም።

የኮምፒውተር ተመራማሪዎች ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ ካቀረቧቸው መንገዶች አንዱ ማሽኑንና ሰውን አጣምሮ ማሠራት ነው። ማሽኑ ብዙ አማራጮችን በስክሪን ላይ ያመነጫል፤ ሰው አይቶ የሚሻለውን ይመርጣል፤ ማሽኑ የተመረጡትን አዳቅሎ አዲስ ትውልድ ያመጣል፤ ሰው ዳግም ይመርጣል። በሙያው ቋንቋ መስተጋብራዊ የዝግመተ ለውጥ ስሌት ይባላል። ለሥዕል፣ ለሙዚቃ፣ የመስሚያ መሣሪያን ለባለቤቱ ጆሮ ለማስማማት፣ የዓይን ምስክሮች ያዩትን የተጠርጣሪ ፊት መልሶ ለመሥራት ሲሞከር 30 ዓመት አልፎታል። ለሰው ስብስብስ ይበጃል?

አሠራሩ ለቡና ሀገር ሰው እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ሲገኝ፣ የጅማ ተመራማሪዎች ጫካ ገብተው በሽታው ሲያልፍባቸው ጸንተው የቆሙትን እናት ዛፎች መረጡ። ዛሬ ገበሬው በቁጥር ስማቸው የሚያውቃቸው 74110 እና 74112 የዚያ ምርጫ ልጆች ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ ቀሪው የእናት ዛፉ መለያ ነው። የጌዴኦ ገበሬም ኩሩሜ፣ ወሊሾና ደጋ ብሎ የሚለያቸውን የቡና ዓይነቶች ያቆየው በዓይኑና በምላሱ እየመረጠ ነው። ተፈጥሮ ልዩነትን ትሰጣለች፤ ሰው ከልዩነቱ መካከል ይመርጣል፤ የተመረጠው ይባዛል።

ጆን ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሂደት ወደ ኮምፒውተር ሲያመጣ መራጩ ቁጥር ነበር። እያንዳንዱ አማራጭ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ከፍተኛ ነጥብ ያለው ይራባል። ሪቻርድ ዶውኪንስ በ1986 ቁጥሩን በዓይን ተካው፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ቅርንጫፍ የሚመስሉ ቅርጾች ይሰለፋሉ፣ ተጠቃሚው ደስ ያለውን ይነካል፣ ቀጣዩ ትውልድ ከዚያ ይወለዳል። ከዚህ ሁሉ ለጉዳያችን የሚቀርበው ግን ካርል ሲምስ በ1993 በፓሪስ ፖምፒዱ ማዕከል ያሳየው ሥራ ነው። በቅስት የተደረደሩ ስክሪኖች የተለያዩ ምስሎችን ያሳያሉ፤ ጎብኚው ከወደደው ምስል ፊት ይቆማል፤ ሰው የቆመበት ምስል ይተርፋል፣ ይዳቀላል፤ ማንም ያልቆመበት ይጠፋል። እዚያ የሰዎች አቋቋም ራሱ ድምፅ ነበር።

ወደ እንቅስቃሴ የተሻገረው በሌላ በር ነው። ክሬግ ሬይኖልድስ በ1987 የወፍ መንጋን በሦስት ደንቦች ብቻ በኮምፒውተር አስመስሎ አሳየ፤ ከጎረቤትህ ጋር አትጋጭ፣ ጎረቤትህ በሚሄድበት አቅጣጫ ሂድ፣ ከመንጋው አትራቅ። መሪ የለም፣ አዛዥ የለም፣ ግን መንጋው እንደ አንድ አካል ይታጠፋል። የሦስቱን ደንቦች ክብደት ትንሽ ሲለውጡት መንጋው ይበተናል፣ ወይም እንደ ንብ ይከማቻል፣ ወይም ቀለበት ሠርቶ ይዞራል። ችግሩ የትኛው ቁጥር የትኛውን መልክ እንደሚያመጣ አስቀድሞ መገመት አለመቻሉ ነው። በካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሄንሪ ክዎንግና ክርስቲያን ጄኮብ በ2003 ያደረጉት ሙከራ መፍትሔው ግምት ሳይሆን እርባታ መሆኑን አሳየ፤ ብዙ መንጋዎችን ጎን ለጎን እያሳዩ ተመልካቹ እንዲመርጥ አደረጉ።

ሂሮኪ ሳያማ አንድ እርምጃ ጨመረ። "የመንጋ ኬሚስትሪ" ባለው ሥራው የተለያየ ባሕርይ ያላቸውን ነቁጦች ይቀላቅላል፤ አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ከሌሎቹ የሚርቅ፣ አንዱ የሚጠጋ። ተጠቃሚው ሁለት መንጋ መርጦ ሲያዋህዳቸው ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ይወጣል። በ2009 ከባልደረቦቹ ጋር ባሳተመው የክፍል ውስጥ ሙከራ ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠው መንጋዎችን እያዳቀሉ ሠሩ፤ ውጤቱንም ራሳቸው ዳኙት። ማዋሃድና በዘፈቀደ መለወጥ የተፈቀደላቸው ቡድኖች የተሻለ ሥራ አወጡ። ለጉዳያችን ትልቁ ነገር ግን ምርጫው የአንድ ሰው ሳይሆን ተመካክሮ የሚደረግ መሆን መቻሉ ነው።

ሰው ወፍ አይደለም፤ የእግረኛ ስሌት ግን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ዲርክ ሄልቢንግና ፒተር ሞልናር በ1995 ባቀረቡት ሞዴል እያንዳንዱ ተጓዥ መድረሻው ይስበዋል፣ ሌላው ሰውና ግድግዳው ይገፋዋል። ከዚህ ብቻ በገበያ መንገድ የምናየው ይወለዳል፤ በተቃራኒ የሚመጡ ሰዎች ማንም ሳያዝዛቸው ግራና ቀኝ መስመር ይይዛሉ። ሄልቢንግ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2000 በኔቸር መጽሔት ያሳተመው ደግሞ በጠባብ በር የሚጣደፍ ሕዝብ ቀስ ብሎ ከሚሄደው ይልቅ ዘግይቶ እንደሚወጣ በስሌት አሳየ። ከበሩ ፊት ትንሽ ወደ ጎን የቆመ ምሰሶ ግፊያውን ሰብሮ መውጫውን ሊያፈጥን እንደሚችልም ከዚያው ሥራ ታወቀ። ይህን ማንም በግምት አይደርስበትም።

ታዲያ ሰውን ለምን ማድከም? ማሽኑ ራሱ ምሰሶውን እያንቀሳቀሰ፣ በሩን እያሰፋ እያጠበበ፣ ብዙ ሰው የሚያሳልፈውን ንድፍ ይምረጥ። አንደርስ ዮሃንሰንና ሄልቢንግ ይህን በሆላንድ መንገድ፣ በዘረመል አልጎሪዝም፣ ሠርተውታል፤ ሠርቶላቸዋልም። ግን ማሽን የተነገረውን ብቻ ነው የሚያሳድደው። ሲምስ በ1994 በኮምፒውተር ውስጥ ፍጥረታትን ሲያራባ ፍጥነት እንዲመርጥ ያዘዘው ስሌት አንዳንዴ መራመድ የማይችሉ ረጃጅም ግንዶችን አቀረበ፤ ግንዱ ሲወድቅ ፍጥነት ያስመዘግባልና። ለሬኮው ሰልፍ "አማካይ የጥበቃ ጊዜ ይቀንስ" ብሎ ያዘዘ ሰውም ተመሳሳይ ነገር ሊገጥመው ይችላል፤ አዛውንቱንና ልጅ ያዘለችውን ወደ ጥግ ገፍቶ ጎረምሶቹን በሩጫ የሚያሳልፍ ሰልፍ አማካዩን ያሻሽላል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ሰልፉ ግን ነውር ነው። ነውሩን የሚያየው የሰው ዓይን ነው፤ ለዚህም ነው መራጩ ሰው መሆን ያለበት።

የሰው ዓይን ግን ይደክማል። ሂደዩኪ ታካጊ በ2001 ስለ ዘርፉ በጻፈው ሰፊ ዳሰሳ ዋና እንቅፋት ብሎ ያስቀመጠው የመራጩን ድካም ነው፤ ሰው ከ10 ወይም 20 ትውልድ በላይ በጥንቃቄ መምረጥ አይችልም። ለሥዕል ይህ ይቻላል፤ 12 ሥዕል በአንድ እይታ ይታያል። የሰልፍ ሲሙሌሽን ግን ጊዜ ይፈልጋል። አንዱ አማራጭ 2 ደቂቃ ቢወስድ 12ቱ 24 ደቂቃ ናቸው፤ 10 ትውልድ 4 ሰዓት ይሆናል። ከሁለተኛው ሰዓት በኋላ የሚመረጠው ጥሩው ሳይሆን ቶሎ የሚያልቀው ነው። ተመራማሪዎች በሁለት መንገድ ሊያቃልሉት ሞክረዋል። አንደኛው ማሽኑ የሰውየውን ምርጫ እያጠና ግልጽ የሆነውን መጥፎ አስቀድሞ እንዲያስወግድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ሥራውን ለብዙ ሰው ማካፈል ነው፤ የኬኔት ስታንሊ ቡድን የሠራው ፒክብሪደር አንዱ ተጠቃሚ የተወውን ምስል ሌላው ከዚያው እንዲቀጥል ያደርግ ነበር። ስታንሊ ራሱ ከመሬት ውጭ ፍጡር ፊት ከሚመስል ሥዕል ተነስቶ፣ ሳያስበው መኪና ላይ ደርሷል። የተሻለ ሰልፍ ፍለጋም ዓላማውን አስቀድሞ ቆልፎ የያዘ ሰው የማያየው በር ሊኖረው ይችላል።

ከድካሙ የከፋው ግን ዓይን መታለሉ ነው።

ጥር 2006 እ.ኤ.አ. በሳውዲ ዓረቢያ ሚና፣ በጀመራት ድልድይ መግቢያ ከ340 በላይ ሐጃጆች ሞቱ። ሄልቢንግና ባልደረቦቹ የዕለቱን የቪዲዮ ቀረጻ ሲመረምሩ የሕዝቡ እንቅስቃሴ ሦስት ደረጃ እንዳለፈ አዩ። መጀመሪያ ለስላሳ ፍሰት ነበር፤ ቀጥሎ ቆም እያለ የሚሄድ ማዕበል ሆነ፤ በመጨረሻ ሰው በራሱ እግር መቆም አቅቶት ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚወዛወዝ ነውጥ ሆነ። በዚያ ደረጃ በአንድ ካሬ ሜትር የነበረው ሰው ወደ 10 ይጠጋል። ከላይ ለሚያይ ሰው ግን ጥቅጥቅ ብሎ የሚንፏቀቅ ሕዝብ ሥርዓት ያለው ይመስላል፤ የሚሮጥ የለም፣ የሚጣላ የለም። በጥቅምት 2022 እ.ኤ.አ. በሴኡል ኢቴዎን 159 ሰው የሞተበት መተላለፊያም ስፋቱ 4 ሜትር አይሞላም ነበር፤ ብዙዎቹ የሞቱት ቆመው በመታፈን ነው። በስክሪን ላይ እንደ ነቁጥ የሚታይ ሰልፍ ሲመረጥ ዓይን ውበትንና ጸጥታን ይሻል፤ ገዳዩ ጥግግት ደግሞ ጸጥ ያለ ነው።

ስለዚህ ደኅንነት ለምርጫ መቅረብ የለበትም። የጥግግት ወሰን በቁጥር ይታጠር፤ የሕዝብ አያያዝ ባለሙያዎች በአንድ ካሬ ሜትር ከ4 እስከ 5 ሰው ሲደርስ ማንቂያ ይሰማ ይላሉ። ከዚያ የሚያልፍ አማራጭ መራጩ ፊት አይድረስ፤ ቢያምርም፣ ቢፈጥንም። ከአጥሩ ውስጥ የቀሩትን ደግሞ ቁጥር ሊያወዳድራቸው አይችልም፤ ማን ይቅደም፣ ቤተሰብ ሳይበታተን ይለፍ ወይ፣ መዝሙሩ የት ይቁም፣ ሽማግሌ የት ይረፍ የሚሉት ጥያቄዎች የዓይንና የልማድ ናቸው። ብዙዎቹ የመስኩ ሥራዎች ሁለቱን ደባልቀው ነው የሚያቀርቡት፤ መለየት ግን አለባቸው።

በኢትዮጵያ የሰልፍን መልክ በዓይን እየመረጡ የሚያሻሽሉ ሰዎች ከኮምፒውተሩ በፊት ነበሩ። በጥምቀት ታቦት ሲወጣ ምንጣፍ የሚያነጥፉትን ወጣቶች ያየ ያውቃል። ከፊት ሌሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሰንሰለት ይሠራሉ፤ ካህናቱ የረገጡት ምንጣፍ ከኋላ ተጠቅልሎ በትከሻ ወደ ፊት ይሮጣል፤ ሰንሰለቱ ለአፍታ ይከፈትለታል፣ መልሶ ይዘጋል። ይህን አሠራር በአንድ ቀን የነደፈው መሐንዲስ የለም። በየዓመቱ የተሻለው እየተያዘ፣ ያልሠራው እየተተወ የመጣ ነው፤ በአዲስ አበባ አንዱ ሰፈር የጀመረውን ሌላው ሰፈር አይቶ ይወስዳል። የጃን ሜዳን መንገድ በሲሙሌሽን ሊያጠና የሚነሳ ባለሙያ መነሻ ትውልዱን ከእነዚህ ልጆች ቢወስድ ሥራው በግማሽ ይቀልለታል።

ከዚህ ጎን ሁለት ሐዘኖች ይቆማሉ፤ ሁለቱም የስሌቱን ወሰን ያሳያሉ። በጥር 2012 ዓ.ም. በጎንደር በፋሲለደስ መዋኛ ለተመልካች የቆመ የእንጨት መደርደሪያ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰው ሞተ። ያ የእንጨትና የሚስማር ጉዳይ ነው፤ የቱንም ያህል የረቀቀ የእግረኛ ሞዴል አያየውም። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. ደግሞ በቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ፣ በኢሬቻ በዓል ላይ የተቃውሞ ድምፅ ሲሰማ አስለቃሽ ጭስ ተተኮሰ፤ ሕዝቡ ሸሸ፤ ብዙዎች በጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ተደራርበው ሞቱ። መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 55 አለ፤ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች ከዚያ ይበልጣል አሉ። እዚያ ሰውን የገደለው የመውጫ በር ንድፍ ብቻ አልነበረም። ሕዝብን ለመበተን የሚያስብ ሰው በዚሁ መሣሪያ ፊት ቢቀመጥ፣ እየመረጠ የሚያራባው የመበተኛ ስልት ይሆናል። መሣሪያው የመራጩን ፍላጎት ያጎላል እንጂ አያርመውም።

ወደ ጌዴኦ ስንመለስ ጉዳዩ የሚመጣው ዓመት ሥራ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ጌዴኦ ዞን በ1,210 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ 847,434 ሰው ነበረው፤ በካሬ ኪሎ ሜትር 700 ገደማ ማለት ነው። ለገጠር ይህ በሀገሪቱ ከከፍተኞቹ አንዱ ነው። የምስጋና በዓሉ ደራሮ በየአካባቢው ሲከበር ሰንብቶ በጥር በዲላ ከተማ ይጠቃለላል፤ አባ ገዳው፣ ሽማግሌዎቹ፣ ከየወረዳው የሚመጣው ሕዝብ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ በተቀመጠች ከተማ ይገናኛል። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በሪያድ በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ የጨልባ ቱቲቲና የቱቱ ፈላ ትክል ድንጋዮች ያሉባቸው ቦታዎችም ጎብኚ ይጠብቃቸዋል። በዓሉን ሲሙሌሽን ላይ ለማቅረብ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሬይኖልድስም ሆነ የሄልቢንግ ዓይነት ሞዴል ለጥቂት ሺህ ነቁጥ በተራ ላፕቶፕ ይሠራል። ዲላ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከተማው ውስጥ ነው።

ስክሪኑ ፊት የሚቀመጠው ማን እንደሚሆን ነው አስቸጋሪው። ጌዴኦ ለዚህ የራሱ ተቋም አለው። ሶንጎ በየመንደሩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የሚመክሩበት ስፍራ ነው፤ ጉዳይ የሚቋጨው ሐሳብ ለሐሳብ ተናብቦ ነው። የሳያማ ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ያደረጉትን ሽማግሌዎቹ በሶንጎ ማድረግ የማይችሉበት ምክንያት የለም፤ ፕሮጀክተር ይተከላል፣ 6 የሰልፍ አማራጭ ይታያል፣ ይመከራል፣ 2 ይመረጣል፣ ቀጣዩ ትውልድ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆያል። እንዲህ ሲሆን ታካጊ ያነሣው የመራጭ ድካምም ይቀልላል። ግን ሶንጎ በልማዱ በአብዛኛው የወንድ ሽማግሌዎች መድረክ ነው፤ በሰልፍ ውስጥ በጣም የምትገፋው ልጅ ያዘለችው ሴት ናት። እሷ ያልመረጠችበት ሰልፍ የእሷን ትከሻ አያውቅም።

ይህ የበዓል ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሳው ግጭት በሁለቱም በኩል በመቶ ሺዎች ሲፈናቀሉ፣ በዲላ፣ በይርጋ ጨፌና በጌዴብ ትምህርት ቤቶችና አብያተ ክርስቲያናት በሰው ሞሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የእህል እደላ ሰልፍ ሕይወት ነው፤ ደካማው ወደ ኋላ ከቀረ ቤተሰቡ ሳይበላ ያድራል። የእደላ ቦታ የሚነድፍ አካል ጥሩ ሰልፍ የቱ እንደሆነ ተፈናቃዮቹን አሳይቶ ማስመረጥ ይችላል፤ ቢዘገይም የሚያሳጣው አንድ ከሰዓት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚቀድም አንድ ሥራ ግን አለ። እነዚህ ሞዴሎች የተለኩት በሌላ ሰው አካሄድ ነው። ጆን ፍሩይን እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ለአንድ ቋሚ ሰው የሰጠው ቦታ 46 በ61 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሞላላ ነው። ልጅ ያዘለች፣ ጃንጥላ የዘረጋች እናት በዚያ ውስጥ አትገባም። በ2009 እ.ኤ.አ. ጀርመናውያንንና ሕንዳውያንን በአንድ ዓይነት መተላለፊያ ያስኬዱ ተመራማሪዎች ሕንዳውያኑ ሲጠጋጉ ፍጥነታቸው ከጀርመናውያኑ ያነሰ እንደሚቀንስ አግኝተዋል፤ ሰው ከሰው የሚርቀው ርቀት ከሀገር ሀገር ይለያያል። የጌዴኦ ሰው በደራሮ ዕለት ሲዘምር ምን ያህል እንደሚጠጋጋ፣ ጆንያ ተሸክሞ ቁልቁለት ሲወርድ በምን ፍጥነት እንደሚሄድ፣ አህያ በሰልፍ መካከል ስትቆም ኋላው ስንት ሜትር እንደሚጨናነቅ በሜትርና በሰዓት መለካት አለበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ከፍ ያለ ቦታ ላይ የቆመ አንድ ካሜራ፣ መሬት ላይ በኖራ የተሠመረ መለኪያና የለቀማ ወቅት አመሻሽ ነው።